እንጸልይላት!

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ለማወቅ ወሬ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሰላምታ ማየት ይበቃል። የሚዋደዱት ሲገናኙ ሦስት ጊዜ ተሳስመው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋጭተው፣ «የት ጠፋሽ አንቺ ክፉ!» ተባብለው ነው የሚለያዩት። የተኳረፉት ግን … አቤት ጨዋነት! የጣት ጫፍ ለጣት ጫፍ ይነካካሉ፤ ከዚያ ጥርት ባለ አማርኛ «ጌታ ይባርክሽ»። «አሜን፣ አንቺንም»። አለቀ። እኔና አንዲት እህት አሥራ አራት ወር ሙሉ እንዲህ ስንባረክ ከረምን። በረከት በቁጥር ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሁለታችንም ቦሌ ላይ ፎቅ ይኖረን ነበር።

ስሟን አልጠራም፤ «እቱ» ልበላት።

እቱና እኔ በኳየሩ ውስጥ አልቶ ነን። አልቶ ማለት፣ ለማታውቁ፣ ዜማው የማይደርሳቸው ሴቶች ማለት ነው። ዜማውን ሶፕራኖዎች ይወስዱታል፤ ጭብጨባውንም እነሱ ይወስዱታል። እኛ ከሥር ሆነን መዝሙሩን እንይዛለን፤ ስንኖር ማንም አይሰማንም፣ ስንጠፋ ግን አንድ ነገር እንደጎደለ ሁሉም ይሰማዋል። ስለዚህ አልቶዎች እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። አንዷ ድምፅ ስትስት ሌላዋ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብላ ታስይዛታለች። ሦስት ዓመት ከአንድ ክላሰር ላይ እያነበብን ዘመርን፤ ገጹን የምትገልጠው እሷ ነበረች።

ወዳጅነታችን ግን የተሠራው መድረክ ላይ አይደለም፤ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ረቡዕና ቅዳሜ ከልምምድ ስንወጣ ሰልፉ እንደ ዘንዶ ተጠማዞ ይጠብቀናል። ሰልፉ ረጅም ነው፣ የእኛ ወሬ ደግሞ ከሰልፉ ይረዝማል። እናቷ ኩላሊታቸውን እንደሚታመሙ፣ የሦስት ወር የቤት ኪራይ እንዳለባቸው፣ አከራያቸው ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው እንደሚያስሉ የነገረችኝ እዚያ ነው። እኔም የነገርኳት እዚያው ነው። መንገር የማይገባኝን ነገር ነገርኳት አልልም። መንገር ይገባኝ ነበር፤ አንድ ሰው ለአንድ ሰው መንገር አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ ተነጋግሮ፣ ሠርጌ ለጥር 2015 ዓ.ም. ተቆርጦ ነበር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ልጁ ማኪያቶ ጋበዘኝና «ሰላም አላገኘሁበትም» አለኝ። (በእኛ ቤት ሰው ሲተውሽ «አልወደድኩሽም» አይልም፤ «ሰላም አላገኘሁም» ነው የሚለው። በሰላም ላይ ደግሞ ምን ክርክር ይቀርባል?) ማኪያቶውን ጨርሼ ወጣሁ። ሂሳቡን እሱ ከፈለ፤ ይህቺን ልመስክርለት።

ለእቱ ብቻ ነገርኳት። ለአባቴ አልነገርኩም። አባቴ የደም ግፊት አለበት፤ ለድንኳኑም ቀብድ ከፍሎ ነበር። ሙሽራዋ እኔ ሳልሆን እሱ ይመስል ጫማውን ከወዲሁ ገዝቶ ካርቶኑን አልጋው ሥር አስቀምጦታል። እንዴት አድርጌ እንደምነግረው ሳስብ፣ ቀን ስመርጥ፣ አንድ ሳምንት አለፈ።

ረቡዕ ማታ የጸሎት ፕሮግራም ላይ መሪው «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲል እቱ ዓይኗን ጨፍና ተነሣች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። «በመካከላችን» አለች፣ «ሠርጓ ሁለት ወር ሲቀረው እጮኛዋ የተዋት እህት አለች። ስሟን ጌታ ያውቀዋል። እንጸልይላት።»

ስሟን ያወቀው ጌታ ብቻ አልነበረም! በኳየሩ ውስጥ በጥር የምታገባ ሴት አንድ ነበረች፤ ኳየሩም ለእሷ ሠርግ ሁለት አዲስ መዝሙር እያጠና ነበር። ሃያ ስምንት ሰው ዓይኑን እንደጨፈነ ወደ እኔ ሲመለከት ተሰማኝ። ከኋላዬ የቆመ አንድ የቤዝ ልጅ ትከሻዬን ጨበጥ አደረገኝ። መልካም አስቦ ነው፣ አውቃለሁ። ያ እጅ ግን እስከ ዛሬ ትከሻዬ ላይ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ዳቦ ቤቱ ጋ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት አግኝተውት «አይዞዎት፣ ጌታ የተሻለ አዘጋጅቶላታል» ብለውታል። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ» አለኝ፣ «ለቤተ ክርስቲያኑ ከመንገርሽ በፊት ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ለዚህ ጥያቄ ያን ቀን መልስ አልነበረኝም።

የሰፈሬን ነገር ልንገራችሁ። ሁለት ጎረቤታሞች በእጣቢ ውኃ ምክንያት ተጣልተው አይቻለሁ። ተሰዳደቡ፣ መጥረጊያ ተወራወሩ፣ የሞቱ ዘመዶቻቸውን ሳይቀር ከመቃብር እየጠሩ አሰዳደቧቸው። በሦስተኛው ቀን በአንድ ረከቦት ዙሪያ ቁጭ ብለው ሁለተኛውን ቡና ሲጠጡ አገኘኋቸው። እኛ አማኞቹ ግን ይህ ዕድል የለንም። መሳደብ አይፈቀድልንም፤ መጥረጊያ መወርወርማ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ጠባችን መውጫ ሲያጣ መንፈሳዊ ቋንቋ ይማራል። «በፍቅር ልንገርሽ» የሚል ሰው ሲመጣ መቀነትሽን ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ። «ጌታ ልቤ ላይ አስቀመጠብኝ» ከተባልሽ መልስ መስጠት ክልክል ነው ማለት ነው፤ ከጌታ ጋር ልትከራከሪ ነው እንዴ? «እየጸለይኩበት ነው» ማለት «አላደርገውም» ነው። «ይቅር ብያታለሁ» ደግሞ የሁሉም ቁንጮ ነው፤ «ከነቀኑና ከነሰዓቱ መዝግቤ ይዤዋለሁ» ማለት ነው። እኔ ያን ዓመት «ይቅር ብያታለሁ» ያልኩትን ብዛት ብቆጥር እቱ ጻድቅ ሆና ታርግ ነበር።

አሁን ወደ እኔ እንምጣ። እስካሁን የተበደልኩ ሆኜ ነው የተረክሁት፤ ደስ ይላል፣ የተበደለ ሰው ታሪክ ለመተረክ ይመቻል።

እኔ የኳየሩ ጸሐፊ ነኝ። በየወሩ ማን ነጠላ ድምፅ እንደሚዘምር የሚያሳየውን ዝርዝር የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ አስተባባሪያችን ይፈርምበታል እንጂ አያነበውም። እቱ ከአልቶዎች ሁሉ ብቻዋን ቆማ መዘመር የምትችል ናት፤ በወር አንዴ ተራ ይደርሳት ነበር። ከዚያ ረቡዕ በኋላ አልደረሳትም። አንድ ወር ረሳሁ። ሁለተኛውን ወር «ለአዳዲሶች ዕድል እንስጥ» አልኩ። ከሦስተኛው ወር በኋላ ምክንያት መፈለግም ተውኩ። ማንም አልጠየቀኝም። እሷም አልጠየቀችኝም።

ሌላም አለ። የተሠራብኝን ለአምስት ሰው ነገርኩ። ምክር ፈልጌ ነበር … እውነቱን ለመናገር ምክር ሳይሆን ወገን ነበር የፈለግሁት። ለእያንዳንዳቸው ስነግር ታሪኩ ሙሉ እንዲሆን ጥቂት ጥቂት ማብራሪያ እጨምር ነበር፦ «እሷ እኮ የራሷ ጭንቀት ስላለባት ነው፣ እናቷ ታመዋል፣ ኪራይም አለባቸው …» እያልኩ። አዛኝ መስዬ ነበር የማወራው፤ ሲያዳምጡኝም አዛኝ መስለው ነው።

በየወሩ መጀመሪያ እሑድ የጌታ እራት አለ። የእኛ ቤት እራት በትንንሽ ኩባያ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ንጹሕ፣ ከማንም የማይነካካ። እቱ ከእኔ ሦስት ወንበር ርቃ የራሷን ትጠጣለች፣ እኔ የራሴን። አሥራ አራት እሑድ። ይህን ለአያቴ አጫወትኳት። አያቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ በወር በወር ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ትጠጣለች። የእኔን እምነት «የናንተ ነገር» ብላ ነው የምትጠራው፤ በፍቅር ነው ግን። «የእኛ ጽዋ እኮ አንድ ነው የኔ ልጅ» አለችኝ። «ያቺ የጠጣችበት ላይ ነው አፍሽን የምታሳርፊው። ተኳርፈሽ ብትመጪ ሙሴው ያይሻል።» ሙሴ የማኅበሩ አለቃ ናቸው። አንድ ጊዜ፣ አለችኝ፣ ሁለት ሴቶች በአጥር ተጣልተው ሲመጡ ሙሴው ጽዋውን ይዘው ቆሙ። ምንም አልተናገሩም። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ሴቶቹን ይጠብቃል። «ስንት ደቂቃ ቆሙ?» አልኳት። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጠላው አረፋው ጠፍቶ ነበር» አለችኝ።

እዚህ ላይ ኩባያችንን እንለውጥ እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ያን ቀን የእኛ ትንንሽ ኩባያ ምን ያህል እንደተመቸችኝ ገባኝ።

ያን ሰሞን ጥናታችን የፊልጵስዩስ መልእክት ነበር። ምዕራፍ አራት ላይ ስንደርስ መሪያችን ሁለተኛውን ቁጥር በሩጫ አለፈው፤ እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ይጽፋል። ስለ ደስታ ጽፏል፣ ስለ ክርስቶስ ትሕትና ጽፏል፣ ከዚያ በመሐል ድንገት ሁለት ሴቶችን በስም ይጠራል፦ ኤዎድያንና ሲንጤኪን። እንዲስማሙ ይለምናቸዋል። አንድ ሌላ የሥራ ባልደረባውንም እንዲረዳቸው ይጠይቃል፤ ብቻቸውን እንደማይችሉት ገብቶታል ማለት ነው። ደግሞ ተራ ሴቶች አይደሉም፤ በወንጌል አብረውት የታገሉ ናቸው። የፊልጵስዩስ ጉባኤ ራሱ ከሴቶች የጀመረ ነው፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ቀይ ሐር ሻጯ ልድያ ቤቷን ከፍታ ተቀብላቸዋለች።

እስቲ አስቡት። ያ መልእክት በጉባኤ ፊት ጮክ ተብሎ የሚነበብ ነው። አንዷ በዚህ ጥግ፣ አንዷ በዚያ ጥግ ተቀምጠዋል። ስለ ሰማይና ምድር ሲነበብ ቆይቶ ስማቸው ሲጠራ ምን ተሰምቷቸው ይሆን? እኔ ብሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። መጀመሪያ ላይ ጳውሎስ ላይ ተናደድኩ፤ እቱን መሰለኝ። በኋላ ግን አንድ ነገር ታየኝ። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላ ነው፤ እነዚያ ሴቶች በምን እንደተጣሉ እስከ ዛሬ የሚያውቅ ሰው የለም። ጳውሎስ ስማቸውን ተናገረ፣ ጉዳያቸውን ግን ዋጠው። እቱ ደግሞ ስሜን ዋጠችና ጉዳዬን ተናገረች።

ጳውሎስ ራሱ በዚህ ነገር ንጹሕ አልነበረም፤ ይህ ደግሞ ትንሽ አጽናናኝ። ከበርናባስ ጋር በማርቆስ ምክንያት ተጣልተው ተለያይተዋል፤ በርናባስ ማርቆስን ይዞ በመርከብ ወደ ቆጵሮስ፣ ጳውሎስ ሲላስን ይዞ ወደ ሶርያና ኪልቅያ። ሉቃስ አልሸፋፈነውም፤ ጻፈው። ያንኑ ማርቆስን ጳውሎስ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት «ይዘኸው ና፣ ይጠቅመኛል» ዓይነት ቃል ሲልክለት ታገኛላችሁ። በመሐል ምን ሆነ? ማን ማንን ይቅርታ ጠየቀ? አልተጻፈም። እኔ በበኩሌ ከየትኛውም ተአምር በላይ ይህቺን ያልተጻፈች ክፍል ባነብባት ደስ ይለኝ ነበር።

በቤተ ክርስቲያናችን አንድ ሽማግሌ አሉ፤ በደርግ ዘመን በቤት ለቤት ኅብረት ያለፉ ናቸው። በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ስትዘጋ ንብረቷ ተወርሷል፣ ከመሪዎቿም ከአራት ዓመት በላይ የታሰሩ አሉ። አባላቱ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን እየተሰበሰቡ ቀጠሉ። ሲዘጋ አምስት ሺህ ገደማ የነበረው የምእመኑ ቁጥር በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በብዙ እጥፍ አድጎ ወጣ። ስለ ጀግንነቱ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። እኔ የፈለግሁት ሌላ ነው። «አባባ» አልኳቸው፣ «ያኔ ትጣሉ ነበር?»

ሳቁ። «እንዴታ! በሹክሹክታ ነበር የምንጣላው።»

ስድስት ሰባት ሆነው ነበር የሚሰበሰቡት፤ በአሥር በአሥር ደቂቃ ልዩነት እየገቡ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በዘንቢል ከጎመን ሥር ሸሽገው። «የተኳረፈ ሰው አፉ ይላላል» አሉኝ። «አንዱ አኩርፎ ቢወጣና ቢያወራ የሰባታችን ቤት ነው የሚፈርሰው። ስለዚህ ሳንታረቅ አንበተንም ነበር። ጻድቅ ስለሆንን አይደለም፤ ፈርተን ነው።» ጥቂት አሰቡና ጨመሩ፦ «ደግሞ የሰው ምስጢር አንጠይቅም ነበር። ብንያዝ እንዳናወጣ። የወንድምህን ሙሉ ስም አለማወቅ ፍቅር ነበር።»

ዛሬ ፍርሃቱ የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰውም በዝቷል። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 10 በመቶ ገደማ የነበሩት ፕሮቴስታንቶች በ1999 ዓ.ም. 18.6 በመቶ ሆነው ተቆጥረዋል። ሰው ሲበዛ የምትጣዪው ሰው ይበዛል፣ አልፈሽው የምትሄጂበት መቀመጫም ይበዛል። አኩርፌ ወደ ሁለተኛው ፕሮግራም መዛወር እችላለሁ፤ ካስፈለገም ሁለት ፌርማታ አልፌ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ኳየሩም አልቶ ይፈልጋል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሄጄ ጠይቄ ነበር።

ጥር 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የእቱ እናት ዐረፉ።

ለቅሶ ላይ ኩርፊያ አይሠራም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ከነወተቱ ጠጥቼው ነው ያደግሁት። ዜናው በቴሌግራም ሲደርሰኝ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። የዕድሩ ድንኳን ተተክሏል፣ አግዳሚዎቹ ሞልተዋል፣ ንፍሮው ይዞራል። እቱ በጥግ ተቀምጣለች፤ ጎንበስ ብዬ ሳምኳት። «መጣሽ» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ እኔም አልጨመርኩም። ከዚያ ሴት የምትሸሸግበት ቦታ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ወደ ጓሮ ሄጄ ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ።

አጠገቤ አንዲት ሶፕራኖ ታለቀልቃለች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «ምስኪን! ኪራዩንስ ከፍለው ይሆን? የሦስት ወር ነበረባቸው አይደል?» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት። ደንግጬ ነበር።

እሷም ደነገጠች። «አንቺ ነሻ!»

ብርጭቆው ከእጄ አልወደቀም፤ በፊልም ቢሆን ይወድቅ ነበር። አጥቤ ጨረስኩት። አከራዩ ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀምጠው አየኋቸው፤ ያ ሳላቸውን ሰማሁት። እዚያ ግቢ ውስጥ ስንት ሰው የእቱን ዕዳ ያውቃል? እኔ ለአምስት ነገርኩ፤ አምስቱ ለስንት ነገሩ? ደግሞ አምስቱም «እንጸልይላት» ብለው እንደነገሩ አልጠራጠርም። እኔን ያየችኝ የዳቦ ቤቷ እናት ትዝ አለችኝ።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ፣ ሰው ሲቀንስ፣ ግማሽ ኪሎ ቡናና ስኳር ይዤ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ማቴዎስን እያሰብኩ ነበር። ምዕራፍ 18 ላይ የተበደለው ወደ በደለው ይሂድ ይላል፤ ያውም መጀመሪያ ብቻውን። ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ መባውን ይዞ የመጣው ሰው ወንድሙ እንደተቀየመበት ትዝ ካለው መባውን ትቶ ይሂድ ይላል። አሥራ አራት ወር ሙሉ «እሷ ናት መምጣት ያለባት» ስል ምዕራፍ 5ን ይዤ ነበር፤ እሷም ምናልባት 18ን ይዛ። እኔ በሁለቱም በኩል ነበርኩ፤ በአንዱ ተበዳይ፣ በአንዱ በዳይ። ለመቅረት ጥቅስ አጣሁ።

ቡናውን ተቀበለችኝ፤ ሻይ አፈላች። የእናቷ አልጋ ፍራሹ ተነሥቶ ጣውላው ብቻ ቀርቷል።

«ያን ቀን» አለች ሳልጠይቃት፣ «የጸለይኩት ከልቤ ነበር። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም ላንቺ ብዬ።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «ከልብሽ ባይሆን ይቀለኝ ነበር። አባቴ ከዳቦ ቤት ነው የሰማው።»

ይህን አታውቅም ነበር። አሥራ አራት ወር አኩርፌያት በምን እንዳኮረፍኳት አልነገርኳትም! እሷ የተቆጣሁት ስላፈርኩ መስሏታል፤ የልጅነት ነገር ነው ይበርድላታል ብላ ነው የጠበቀችኝ። እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ጋሼ?» አለች፤ አባቴን ጋሼ ነው የምትለው። «ጋሼ ከእኔ ሰሙ?»

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ኪራዩን ለማን ለማን እንደነገርኩ በስም ቆጠርኩላት። አላለቀሰችም። «አከራዩ አንድ ቀን ‹ቤተ ክርስቲያናችሁ ሰው አይረዳም እንዴ?› ብለውኝ ነበር። ከየት ሰምተው ነው ብዬ ሳስብ ከረምኩ» አለችኝ። ሻዩ ቀዝቅዟል። ስለ ዝርዝሩም ነገርኳት፤ ነጠላ ድምፅ የከለከልኳት እኔ እንደሆንኩ።

እዚህ ላይ ነው የተለወጠችው። ረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«ድምፄ የተበላሸ መስሎኝ ነበር» አለች። «መሪዎቹ አዝነውልኝ ዝም ያሉ መስሎኝ ነበር። እማዬ ማታ ማታ ‹እስቲ ዘምሪልኝ› ስትለኝ ‹ደክሞኛል› እላት ነበር። ሙሉ ዓመት።»

ምን ይባላል? ይቅርታ አልኩ። ቃሉ ትንሽ ነው፤ ሌላ ግን የለንም። ያን ቀን «ይቅር ብዬሻለሁ» አላለችኝም፤ ደስ አለኝ፣ ያን ቃል እኔ አርክሼዋለሁ። «ሌላ ሻይ ልጨምርልሽ?» አለችኝ። ጨመረችልኝ። ስወጣ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከልምምድ ስንወጣ የታክሲው ሰልፍ ላይ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

አሁን እንዴት ናችሁ ብትሉኝ፣ ደህና ነን። እንደ በፊቱ አይደለንም። በፊት አንዷ ስታስብ ሌላዋ ትናገር ነበር፤ አሁን ከመናገራችን በፊት እናስባለን። አንዳንድ ነገር አልነግራትም፣ እሷም አትነግረኝም፤ በዚህ የሚያዝን ይዘን፣ እኔ ግን ውሸት ሆኖ አላገኘሁትም። ዝርዝሩን ለአስተባባሪያችን አስረክቤያለሁ። መጀመሪያ ተራዋ የደረሰ ዕለት እቱ መድረክ ላይ ወጥታ ሁለተኛው አዝማች ላይ ድምፅዋ ተሰበረባት፤ እኛ አልቶዎች ከሥር ገብተን ያዝነው። ለማን እየዘመረች እንደነበር አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን ከመጽሐፍ ተውሰናል። ቦንሆፈር የሚባል የጀርመን ፓስተር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ፊንከንቫልደ በሚባል ቦታ ወጣት አገልጋዮችን ያሠለጥን ነበር፤ በ1937 ጌስታፖ ዘጋበት። እሱንም በ1945 ሰቀሉት። እዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ደንብ ነበር ይባላል፦ ስለ ወንድምህ በሌለበት አታውራ፤ አፍህ አምልጦህ ካወራህ ደግሞ ሄደህ ለራሱ ንገረው። ለእቱ ነገርኳት፤ «እንሞክረው» አለች። በመጀመሪያው ሳምንት አራት ጊዜ ወደቅሁ። አራቱንም ስልክ ደውዬ ስናዘዝ እንዴት እንደሚያሳፍር አትጠይቁኝ። አምስተኛውን ጊዜ ወሬው አፌ ላይ ደርሶ ስልኩን ሳስብ ዋጥኩት።

ባለፈው ማታ ደግሞ ከእሷ መልእክት ገባልኝ። «ስለ አንቺ ለእህቴ አውርቻለሁ። ንገሪያት ነው የሚለው ደንቡ።»

ልቤ ደነገጠ። «ምን አልሽ?»

«ከፍ ያለውን ኖታ ስትይዢ በር ትመስያለሽ አልኩ። ዘይት ያልነካው በር።»

ይህን ጽሑፍ ከሁሉ በፊት ለእቱ ሰጠኋት። ሁለት ቦታ አስለወጠችኝ፤ የትኞቹ እንደሆኑ አልነግራችሁም። የኪራዩን ነገር ላውጣው ወይ ብያት ነበር፤ «ተይው፣ ከፍለናል» አለችኝ። ከዚያ ወደ ቤት ወስጄ ለአባቴ አነበብኩለት። መነጽሩን አውልቆ ሰማኝ። ስጨርስ ስለ እሱ ከጻፍኩት አንዱን አረመ፦ ጫማው አልጋ ሥር አልነበረም፤ ቁም ሣጥን ላይ ነበር።